የአሮጌ አሜሪካዊ ሞተር የቫልቭ ዕቃዎችና ትክክለኛውን መለዋወጫ የማግኘት ጣጣ

የሕክምና ተማሪ ስለ ሞተር ሲጽፍ ማየት ሊያስገርማችሁ ይችላል። እኛም ከጥቂት ወራት በፊት ቢነገረን ባላመንን ነበር። ቫልቭ ሲባል የምናውቀው የልብን ነው፤ እርሱም ከአራት አይበልጥም። ይሁን እንጂ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን ዓርብ ዓርብ አንድ ያገራችን ሰው ወደሚሠሩበት ጋራዥ ስንመላለስ ከረምን። ያየነውንና የተማርነውን ለማኅበራችን አባሎች ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አሰብን። ከመካከላችን በዕረፍት ጊዜ በጋራዥና በመለዋወጫ መደብር እየሠራ የኪሱን ወጪ የሚሸፍነው ጥቂት አይደለም። «እስቲ ይህቺን የእንግሊዝኛ ካታሎግ አንብብልኝ» ተብሎ ባገር ልጅ ተጠርቶ የማያውቅ ተማሪም ያለ አይመስለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ብለን ብቻ የምንጠራቸው እኒህ መካኒክ ሙያቸውን የተማሩት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከነበረ ጋራዥ ነው። በዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። የመኖሪያ ፈቃዳቸው በጋራዡ ባለቤት ስም የተያዘ ስለሆነ ከደንበኛ ጋር መጣላት ለሳቸው ያንድ ቀን ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። አንድ የከተማው ተወላጅ ካባቱ የወረሳትን የ1969 ሼቭሮሌ ካማሮ ይዞ መጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሞተሯ 350 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 5.7 ሊትር ሲሆን፣ ፋብሪካው በጊዜው 300 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎለት ነበር። ጋሼ ሞተሩን ፈትተው፣ አጥበው፣ ከከተማው ሱቅ በተገዛ ዕቃ ገጥመው አስረከቡ። በሁለተኛው ሳምንት መኪናዋ ቲክ ቲክ እያለች ተመለሰች። ደንበኛው «ወይ ታስተካክላላችሁ፣ ወይ ሞተሬን ትከፍላላችሁ» አለ። የጋራዡ ባለቤትም ዕዳውን በጋሼ ደመወዝ ላይ ጻፈው።

የሞተሩን አሠራር ላልለመደ አንባቢ ባጭሩ እናስረዳ። በሁለት ረድፍ ከተደረደሩት 8 ሲሊንደሮች እያንዳንዱ አንድ ማስገቢያና አንድ ማስወጫ ቫልቭ አለው፤ በጠቅላላው 16 ማለት ነው። የልብ ቫልቭ በደም ግፊት ራሱ ይከፈታል፤ ይህኛው ግን ከፋች ይፈልጋል። ከፋቹ በሞተሩ ብሎክ መካከል የተጋደመው ካምሻፍት ነው። የካምሻፍቱ ጉብታ ሲዞር በላዩ የተቀመጠውን ታፔት ያነሣል፤ ታፔቱ ፑሽሮድ የሚባለውን ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፤ ፑሽሮዱ የሮከሩን አንድ ጫፍ ያነሣና ሮከሩ በሌላው ጫፉ ቫልቩን ወደ ታች ይጫነዋል። ጉብታው ሲያልፍ ሞላው ቫልቩን መልሶ ይዘጋዋል። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በዚህ ፍጥነት ውስጥ ያንዲት ሚሊሜትር ስሕተት ምን እንደምታደርግ መገመት አያዳግትም።

የጋሼን ሥራ ያበላሸው የሮከሩ ነገር ነው። እሳቸው የለመዱት ሮከሮቹ ሁሉ በአንድ ረጅም ዘንግ ላይ የሚሰኩበትን ሞተር ነው። ሼቭሮሌ ግን በ1955 ባወጣው ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ ዘንጉን አስቀረው። እያንዳንዱ ሮከር ከብረት ሉህ ተጨፍልቆ የተሠራ ሆኖ፣ በየራሱ ስታድ ላይ ገብቶ፣ ግማሽ ኳስ በሚመስል ብረት ላይ ይወዛወዛል፤ በላዩም ዳዶ ይታሰራል። ዘዴው የተገኘው ከእኅት ኩባንያው ከፖንቲያክ ነው። ቀላልና ርካሽ ነው። ነገር ግን በኳስ ላይ የተቀመጠ ነገር ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሊዞር ይችላልና መሪ ያስፈልገዋል። በ1969ኙ ተራ ቴስታታ ላይ መሪው ፑሽሮዱ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ፑሽሮዱ ቀጥ ብሎ ከሄደ ሮከሩም ቀጥ ይላል። ከፍ ላለ ጉልበት በተዘጋጁት ላይ ደግሞ ከስታዱ ሥር መምሪያ ብረት ይታሰርና በሙቀት የጠነከረ ፑሽሮድ ይገባል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ፋብሪካው ሦስተኛ መንገድ ያዘ፤ ይኸውም ሮከሩ ራሱ በጫፉ ግራና ቀኝ ጠርዝ ተበጅቶለት የቫልቩን አናት አቅፎ እንዲሄድ አደረገው። የፑሽሮዱም ቀዳዳ ሰፊ ሆነ።

ሱቁ ለጋሼ የሸጠላቸው ይህን ሦስተኛውን ዓይነት ነው። «350 አይደለም እንዴ? 350 ያው 350 ነው» ብሏቸዋል ሻጩ። ሮከሩ በስታዱ ላይ ይገባል፤ ዳዶውም ይጠብቃል፤ ሞተሩም ይነሣል። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ጨርሶ ባይገባ ኖሮ ጋሼ ያኔውኑ በመለሱት። አሁን ግን አንድ ሮከር ሁለት መሪ አገኘ፤ ከወዲህ የቀዳዳው ግድግዳ፣ ከወዲያ የራሱ ጠርዝ ይጎትቱታል። ክዳኑን ስንከፍት ፑሽሮዶቹ በአንድ ጎናቸው ተፍቀው ያብረቀርቁ ነበር። አምስት ቫልቮች አናታቸው ባንድ በኩል ተበልቷል። በሁለቱ ላይ ደግሞ የሮከሩ ጠርዝ የሞላውን ቆብ መንካት ጀምሯል። ይህ የመጨረሻው ነው ያስደነገጠን። ቆቡን ከቫልቩ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ትናንሽ ግማሽ ቀለበቶች ናቸው። እነርሱ ከወለቁ ቫልቩ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቃል፤ ፒስቶኑም እየመጣ ይመታዋል። ከዚያ በኋላ ጥገና የሚባል ነገር የለም፤ ቀብር ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ግን የሱቁ አልነበረም። ሮከሮቹን አንሥተን ባለ መርፌውን መለኪያ በየፑሽሮዱ አናት ላይ እያስቀመጥን ሞተሩን በእጅ ስናዞር፣ 6.9 ሚሊሜትር ያህል መነሣት የነበረበት አንዱ የማስወጫ ጉብታ 5 እንኳ አልሞላም። ጉብታው ተልጓል። ጋሼ ዝም ብለው አዩትና፣ «ልጆቼ፣ ይኸኛው የእኔ ነው። ታፔቶቹን አጥቤ ስመልስ ቦታቸውን አልጠበቅሁም» አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከአስተማሪዎቻችን አፍ የሰማነው ስንት ጊዜ ነው?

የታፔቱ ምስጢር የሚከተለው ነው። የዚህ ዘመን ታፔት ታቹ ጠፍጣፋ ይባል እንጂ በእውነት ለዓይን እስከማይታይ ድረስ የተጎበጠ ነው። የካሙም ጉብታ ካንዱ ጎኑ ወደ ሌላው በትንሹ ያዘነብላል። ሁለቱ የሚነካኩት ከታፔቱ መሐል ወጣ ብሎ ስለሆነ ታፔቱ በያንዳንዱ ምት ጥቂት ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱ ድካሙን በፊቱ ሁሉ ላይ ያከፋፍለዋል። አብረው የሠሩ ታፔትና ጉብታ እንደ ተላመዱ ጥርሶች ናቸው። አንዱን ታፔት ከሌላ ጉብታ ጋር ብታጋቡት መሽከርከሩን ሊተው ይችላል፤ ያልተሽከረከረ ታፔት ደግሞ ጉብታውን ይልገዋል። ስለዚህ አሮጌ ታፔት በአዲስ ካምሻፍት ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። አሮጌውን ከአሮጌው ጋር የሚመልስ ሰው 16ቱንም በቁጥር መለየት አለበት። ባዶ የእንቁላል ካርቶን ለዚህ ይበቃል።

እንግዲህ ትክክለኛውን ዕቃ መፈለግ ነበረብን። «የ1969 ካማሮ ዕቃ» ብሎ ማዘዝ ሞኝነት መሆኑን ግን ፈጥነን ተረዳን። መኪናዋ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ሞተሯ ያው የተወለደችበት ለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? የ350 ሞተር በ1967 በካማሮ ላይ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተሠርቷል፤ በየጊዜውም ውስጡ ተለውጧል። ስለዚህ ከካታሎጉ በፊት መነበብ ያለበት ብረቱ ነው።

በብሎኩ ፊት፣ ከቀኙ ቴስታታ ሥር፣ ትንሽ የተላገ ሜዳ አለ። በላዩ የተቀጠቀጠው ጽሑፍ ሞተሩ የተገጣጠመበትን ፋብሪካ፣ ወሩንና ቀኑን፣ ዓይነቱንም ይነግራል። ከኋላ በግራ በኩል ደግሞ አብሮ የተቀለጠ ቁጥር አለ፤ የኛው 3970010 ነበር። ይህ ቁጥር ግን ከ1969 እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ በተሠሩ ብሎኮች ላይ ስለሚገኝ ብቻውን ዓመቱን አይወስንም። የቴስታታው ቁጥር የሚታየው የሮከሮቹ ክዳን ሲነሣ ነው፤ እኛ ያገኘነው 3947041 ሲሆን ይህ ለ1969 የሚስማማ ነው። ከአጠገቡ ያለው የቀን ምልክት በእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ፊደል ጥር፣ ዐሥራ ሁለተኛው ታኅሣሥ ነው። ቀጥሎ ቀኑ፣ መጨረሻም የዓመቱ አንድ አኃዝ ይመጣል። ይህ አንድ አኃዝ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ 9 ቁጥር 1969ም 1979ም ሊሆን ይችላልና። ከዚህም ሌላ አብሮ የቀለጠው ቁጥር የዕቃ ማዘዣ ቁጥር እንዳልሆነ ማወቅ ያሻል። አንድ ቅልጥ ብረት ትልቅ ቫልቭም ትንሽ ቫልቭም ተቆፍሮለት በሁለት የማዘዣ ቁጥር ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ካነበብን በኋላ በመለኪያ ማረጋገጥ ግድ ነበር። የማስገቢያው ቫልቭ 1.94 ኢንች፣ የማስወጫው 1.50 ኢንች ሆኖ ተገኘ፤ 49.3ና 38.1 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ሻጮች 2.02ና 1.60 የሚለውን ትልቁን መጠን ሊያስገዙን ብዙ ለፍተዋል፤ የቅዳሜ ምሽት ሽርሽር ለምትወጣ መኪና ግን ጥቅሙ አይታየንም።

ካምሻፍቱን በተመለከተ ለዚህ ባለ 300 ፈረስ ሞተር የፋብሪካው ካም 3896929 ነው። ጉብታው በማስገቢያ 0.260፣ በማስወጫ 0.273 ኢንች ያነሣል። ሮከሩ ይህን በ1.5 ስለሚያባዛው ቫልቩ 0.390ና 0.410 ኢንች ይከፈታል፤ በኛ አቆጣጠር 9.9ና 10.4 ሚሊሜትር ነው። ይህን ስሌት ያስገባነው በምክንያት ነው። ሻጩ «ይህ ሮከር የተሻለ ነው» ብሎ ባለ 1.6ቱን ቢሰጥ፣ ያው ካም ማስገቢያውን 0.416 ኢንች ይከፍተዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሞላውም ፑሽሮዱ የሚያልፍበትም ቀዳዳ የተሰላው ለመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት ባለ 350 ፈረስ የኮርቬት ሞተር 3896962 የተባለ ኃይለኛ ካም ነበረው። ዜድ 28 የምትባለው ካማሮ ደግሞ በደረቅ ታፔት ትሠራ ስለነበር ክፍተቱ 0.030 ኢንች ሆኖ በየጊዜው ይስተካከል ነበር። እነዚህ ሦስት ሞተሮች ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፤ ዕቃቸውን መቀያየር ግን ደም ዓይነቱን ሳይጠይቁ እንደ መስጠት ነው። ከ1987 ወዲህ የመጣው ባለ ሮለር ታፔት ካም ደግሞ ጭራሹን የሌላ ቤተ ሰብ ነው፤ የፊት ጫፉ እንኳ ተለውጧል።

ታፔቱ በሼቭሮሌ 0.842፣ በፎርድ 0.875፣ በክራይስለር 0.904 ኢንች ውፍረት አለው። በሼቭሮሌና በፎርድ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላምና ሣጥኑን ሳይሆን ዕቃውን መለካት ነው። ፑሽሮዱ 5/16 ኢንች ውፍረት፣ 198 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት አለው። ስታዱ 3/8 ኢንች ነው። በተራው ቴስታታ ላይ ስታዱ በቡሎን ጥርስ የታሰረ ሳይሆን በግፊት የገባ ስለሆነ ጠንካራ ሞላ ሲደረግበት ቀስ እያለ ይነቀላል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በስታዶቹ አናት ላይ ማጋደም ብቻ። ከፍ ብሎ የተገኘው መነቀል የጀመረው ነው። የኛዎቹ ሁሉም እኩል ነበሩ፤ ጋሼ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ስለ ሞላው አንድ ነገር ብቻ እንበል። ቶርኖ ቤት የቫልቩን መቀመጫ ሲልግ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ግንዱም በላይ በኩል ብቅ ይላል። በዚህም ምክንያት ሞላው ተዘግቶ የሚቆምበት ቁመት፣ በዚህ ሞተር 1.70 ኢንች ወይም 43 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው፣ ይረዝምና ግፊቱ ይደክማል። መድኃኒቱ ከሥሩ ቀጭን ሮንዴላ መደረብ ነው። አዲስ ሞላ ገዝቶ ቁመቱን ሳይለኩ መግጠም ግማሽ ሥራ ነው። መቀመጫውን ራሱን በተመለከተ፣ የ1969 ቴስታታ የተሠራው እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነው። እርሳሱ የማስወጫውን መቀመጫ ይከላከል ነበር። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በመጨረሻ የቀረው በአልጄሪያ ሲሆን እዚያም በ2021 ቆሟል። እኛ በሕክምና መጻሕፍታችን እርሳስ በልጆች አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ስለምናውቅ በመቅረቱ አናዝንም። ለሞተሩ ግን መቀመጫው ካለቀ ጠንካራ ቀለበት ማስገባት ያስፈልጋል። ካላለቀ አትንኩት ባዮች ነን፤ ሲቆፈር የውኃው መስመር ሊበሳ ይችላልና።

ዕቃውን ከየት እናምጣ? ሦስት መንገድ አየን። አንደኛው በዚያው ዘመን ተሠርቶ ሳይነካ በሣጥኑ የቆየ የፋብሪካ ዕቃ ነው። ይህ እንደ ሄርሺና ካርላይል ባሉ በፔንሲልቬንያ በሚደረጉ የአሮጌ መኪና ገበያዎች ይሸጣል፤ ዋጋውም ለሰብሳቢ እንጂ ለጋሼ አይሆንም። ሣጥኑ አሮጌ መሆኑ ውስጡ ያለው የዚያ ዘመን መሆኑን አያረጋግጥም። የቫልቭ ግንድ የጎማ ማኅተም ከሆነ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ተቀምጦ ደርቋል። ሁለተኛው ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። ሮከር ሊሆን ይችላል፤ ካምሻፍትና ታፔት ግን ከላይ በገለጽነው ምክንያት አይታሰብም። ሦስተኛው በመጀመሪያው ልክ ዛሬ የሚሠራ ምትክ ነው፤ ለምሳሌ የሚቺጋኑ ሜሊንግ ለእነዚህ ሞተሮች ካምሻፍት ይሠራል። የመረጥነው ይህን ሦስተኛውን ነው። የፋብሪካው አሮጌ ቁጥር በየጊዜው በአዲስ ቁጥር ስለሚተካ፣ አሮጌውን ቁጥር፣ የቴስታታውን ቁጥር፣ የለካነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፈን ከፎቶግራፎች ጋር አሜሪካን አገር ላለ አንድ ሻጭ ላክን። «ሮከሩ ባለ ጠርዝ ነው ወይስ አይደለም?» ብለን ስንጠይቅ የመጀመሪያው ሻጭ አልመለሰልንም፤ ከሁለተኛው ገዛን። ካምሻፍት፣ 16 ታፔት፣ 16 ፑሽሮድ፣ 16 ሮከር ከነኳሱና ከነዳዶው፣ ሞላዎች፣ የተበሉትን አምስት ቫልቮች የሚተኩ አዳዲሶች መጡ። የታይሚንግ ካቴናውንም ከነጥርሶቹ ጨመርን። የፋብሪካው የካም ጥርስ ድምፅ እንዲቀንስ በናይሎን የተለበጠ ነበር፤ ናይሎኑ ሲያረጅ እየተቀረፈ ወደ ዘይት ፓምፑ መግቢያ ይሄዳል። ወጪው ለጊዜው ከጋሼ ቁጠባ ወጣ።

አገጣጠሙን ሁሉ አንዘረዝርም። ለማስተካከል ግን ይህን መያዝ ይጠቅማል። ሲሊንደሮቹ በሾፌሩ በኩል ጎደሎ፣ በሌላው ሙሉ ቁጥር ናቸው። አንደኛው ሲሊንደር በማቃጠያው ጫፍ ላይ ሲቆም የማስወጫ 1፣ 3፣ 4፣ 8 እና የማስገቢያ 1፣ 2፣ 5፣ 7 ይስተካከላሉ። ሞተሩ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የማስወጫ 2፣ 5፣ 6፣ 7 እና የማስገቢያ 3፣ 4፣ 6፣ 8 ይከተላሉ። ፑሽሮዱን ወደ ላይና ወደ ታች እያነቃነቁ ዳዶውን ማጥበቅ ነው፤ ክፍተቱ ሲጠፋ አንድ ዙር ይጨመራል። ፑሽሮዱን በጣት እያሽከረከሩ መሞከር ግን ያታልላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ነው። የካሙ ጉብታዎች ዘይት የሚያገኙት በአብዛኛው ክራንክ ሻፍቱ ከሚረጨው ስለሆነ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ይደርቃሉ። ስለዚህ ጉብታዎቹ በመግጠሚያ ቅባት ይቀባሉ፤ ዲስትሪቢዩተሩ ወጥቶ የዘይት ፓምፑ በመሰርሰሪያ ይዞራል። ሞተሩም እንደተነሣ ወዲያው በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ላይ ለ20 እስከ 30 ደቂቃ ይያዛል። ዘይቱም ተራ የዛሬ ዘይት ባይሆን ይመረጣል። ጉብታና ታፔትን የሚጠብቀው ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ነው፤ ፎስፈረሱ የዘመናዊ መኪናን የጭስ ማጣሪያ ስለሚመርዝ ከ2004ቱ የአሜሪካ ደረጃ ጀምሮ በቀጫጭኖቹ ዘይቶች ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለአሮጌ ሞተር የሚዘጋጁት ዘይቶች 0.12 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። ጋሼ ይህን ስናነብላቸው «ታዲያ ዘይቱ ሲለወጥ ለምን አልነገሩንም?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

በመጨረሻው ዓርብ ደንበኛው ራሱ መጥቶ ከራዲያተሩ አጠገብ ቆመ። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ጋሼ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ሳያነሡ 25 ደቂቃ ተቀመጡ፤ ከመካከላችን አንዱ ሰዓት ያዘ፣ አንዱ የዘይቱን ግፊት አየ፣ አንዱ ውኃ ይዞ ቆመ። ቲክ ቲክ የሚል አልተሰማም። ዘይቱን አፍስሰን ማጣሪያውን በመጋዝ ከፍተን ስናይ ከመግጠሚያው ቅባት ጥቁረት በቀር የብረት ብናኝ አላገኘንም። ደንበኛው የዕቃውን ዋጋ ግማሽ በዚያው ከፈለ፤ የቀረውን 1000 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ እከፍላለሁ አለ። ይህን በምንጽፍበት ሳምንት ቆጣሪው 640 ደርሷል።